የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የድጋፍ ሥራዎች ከማዋሃድ በፊት ሠራተኛውን እንዴት እናወያይ?

አዳራሹ ሞልቷል። ኃላፊው የመጨረሻዋን ስላይድ አሳይቶ ጨርሷል። ከኋላ ረድፍ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ እጇን አወጣችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ይህ ውይይት ነው ወይስ ገለጻ?» መድረክ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ስለ ቅልጥፍና መናገር ጀመረ፤ ሌላው ስለ ቴክኖሎጂ ጨመረበት። ጥያቄዋን የመለሰላት ግን አልነበረም። ከእሷ በኋላ እጁን ያወጣ ሰው ስላልነበረ ስብሰባው ከተያዘለት ጊዜ ቀድሞ አበቃ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ተሰብሳቢዎች ውህደቱን በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል» ተብሎ ሰፈረ። ያንን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ባሉ ውህደቶች ላይ አንዳንዴ አወያይ፣ አንዳንዴም ወንበሬ ሊታጠፍ የተቃረበ ተወያይ ሆኜ ተቀምጫለሁ። የሚከተለው ከሁለቱም ወገን ያየሁትን በቅደም ተከተል ያስቀመጥኩበት ነው። የተጻፈው የሰው ሀብት፣ የደመወዝ፣ የሒሳብ፣ የግዥ፣ የንብረት፣ የመዝገብ ቤት ወይም የኮምፒውተር ድጋፍ ሥራዎችን ከየመሥሪያ ቤቱ አውጥቶ ወደ አንድ የጋራ አገልግሎት ማዕከል እንዲያስገባ ኃላፊነት ለተሰጠው ቡድን ነው። ተወያዩ ተብለው ለተጠሩትም ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ለማወቅ ይጠቅማል።

ስለ ቁጠባው አንድ ነገር ልበልና ወደ ሥራው እንግባ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያጓጓ ነው፤ ሃያ መሥሪያ ቤት ሃያ የደመወዝ ክፍል ምን ያደርግለታል ያሰኛል። ይሁን እንጂ የብሪታንያ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 አምስት የጋራ ማዕከላትን ሲመረምር፣ ለማቋቋምና ለማስኬድ 0.9 ቢሊዮን ፓውንድ ይበቃል የተባለው ሥራ 1.4 ቢሊዮን ፈጅቶ አገኘው። ከዚያ ቀደም በዚያው አገር የትራንስፖርት ሚኒስቴር 57 ሚሊዮን ፓውንድ ያተርፋል የተባለ ማዕከል አቋቁሞ፣ የፓርላማው የሕዝብ ሒሳብ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲያየው 81 ሚሊዮን የሚያከስር ሆኖ ነበር። ሲስተሙ አልፎ አልፎ ለእንግሊዛውያን ሠራተኞች በጀርመንኛ መልእክት ይልክ እንደነበርም በሪፖርቱ ተመዝግቧል። ማወያየት ይህን ሁሉ ያስቀራል አልልም። ግን በየዴስኩ የተቀመጠው ሰው ምን እንደሚያውቅ ሳይጠየቅ የተሠራ ስሌት የት እንደሚያደርስ ያሳያል።

ደረጃ 1፦ ያለቀውን ካላለቀው ለዩ

ሠራተኛው ፊት ከመቅረባችሁ በፊት ውሳኔ ሰጪዎቹን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጡና አንድ ወረቀት ለሦስት ክፈሉ። በመጀመሪያው ዓምድ የተወሰነውን፣ በሁለተኛው ገና ለውይይት ክፍት የሆነውን፣ በሦስተኛው እናንተም የማታውቁትን ጻፉ። ለምሳሌ ደመወዝና ግዥ አንድ ላይ እንደሚሆኑ ተወስኖ ይሆናል። ማዕከሉ የት እንደሚሆን፣ የትኛው ሥራ በየመሥሪያ ቤቱ እንደሚቀር፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባና የሠራተኛ ድልድሉ በምን መስፈርት እንደሚካሄድ ደግሞ ገና ክፍት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ስብሰባ አትጥሩ። ማስታወቂያ አውጡና «ተወስኗል፤ አፈጻጸሙን እናስረዳለን» በሉ። ሠራተኛ «ከላይ የመጣ ነው» የሚባል ነገር ያስቆጣው እንደሆን እንጂ አያስገርመውም። የማይረሳው፣ ያለቀን ነገር እንዳላለቀ አድርገው ሐሳብ ያስወጡትን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የእውነት ብትጠይቁት እንኳ አይመልስላችሁም።

የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ይህን ከእኔ በተሻለ አሳጥረው አስቀምጠውታል። እ.ኤ.አ. በ1985 በለንደን የብሬንት ቀበሌ አስተዳደር ላይ በቀረበ ክስ ተቀባይነት ያገኙትና የጋኒንግ መርሖዎች የሚባሉት አራት ናቸው። ሐሳቡ ገና በመቀረጽ ላይ እያለ ይቅረብ፤ ሰው አስቦ ለመመለስ የሚበቃው ምክንያትና መረጃ ይሰጠው፤ በቂ ጊዜ ያግኝ፤ የሰጠው መልስ ከውሳኔ በፊት በቅን ልቦና ይታይ። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በሃሪንጌይ አስተዳደር ጉዳይ እነዚህኑ ሲያጸድቅ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ፦ ተወያዩ የቀረበለትን አንድ ሐሳብ ብቻ አይቶ እንዳይፈርድ፣ የተጣሉት አማራጮችና የተጣሉበት ምክንያትም ሊነገረው የሚገባበት ጊዜ አለ። እነዚህ ሕጎች በአገራችሁ ባይሠሩም ዝግጅታችሁን መፈተሻ አድርጓቸው።

ደረጃ 2፦ መደቡን ትታችሁ ሥራውን ቁጠሩ

ማንን እናወያይ ለሚለው ጥያቄ የተለመደው መልስ የድርጅት መዋቅሩን አውጥቶ «የሰው ሀብት» እና «ፋይናንስ» የተባሉ ሳጥኖችን መቁጠር ነው። ስህተቱ ከዚህ ይጀምራል። በቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት የፈቃድ መዝገብ የምትይዘው የኃላፊው ጸሐፊ ናት። የቶነርና የወረቀት ግዥ የሚጠይቀው የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ ነው። የትርፍ ሰዓት ዝርዝር የሚያዘጋጀው የሥምሪት ሠራተኛው ነው። መደባቸው ድጋፍ ስለማይባል ከስብሰባው ይቀራሉ፤ ማዕከሉ ሥራ ሲጀምር ግን እነሱ የያዙት ሥራ ባለቤት አልባ ይሆናል።

ስለዚህ በየሥራ ክፍሉ አንድ ገጽ ቅጽ ላኩ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት በሰው ሀብት፣ በክፍያ፣ በግዥ፣ በንብረትና በመዝገብ ዙሪያ ምን ሠራችሁ፣ ስንት ሰዓት ወሰደ፣ ማን ጠየቃችሁ? ቅጹ ሥራን እንጂ ሰውን ለመገምገም እንዳልሆነ ከላይ ይጻፍበት፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። ሰዓቱን አይታችሁ «ትርፍ ሰው አለ» ብላችሁ ከተነሣችሁ የሚቀጥለው ቅጽ በሙሉ የፈጠራ ድርሰት ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ሕጉንና ማኅበሩን ቀድማችሁ እወቁ

ይህን አጭር አደርገዋለሁ፤ አገር ለአገር ይለያያልና የሕግ ክፍላችሁ ይሥራው። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ።

አንደኛ፣ የግሉን ዘርፍ ሠራተኛ የሚጠብቀው ሕግ የመንግሥቱንም ይጠብቃል ብላችሁ አታስቡ። በአውሮፓ ኅብረት የድርጅት ዝውውርን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. የ2001 መመሪያ፣ በመንግሥት አስተዳደር አካላት መካከል የሚደረግን የአስተዳደር ሥራ ዝውውር በግልጽ ከሽፋኑ ውጭ ያደርጋል። የጅምላ ቅነሳን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. የ1998 መመሪያም የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን አይሸፍንም። ብሪታንያ ይህን ክፍተት አይታ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው የአሠራር መግለጫ፣ ሕጉ ባያስገድድም በመንግሥት ውስጥ ለሚዛወሩ ሠራተኞች ተመሳሳይ ጥበቃ እንዲደረግ መራች። እናንተም ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ምን እንደምታደርጉ ጻፉ። ሠራተኛው የሕጉን ዝምታ ካንተና ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል።

ሁለተኛ፣ የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 151 እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ለመንግሥት ሠራተኞች ሲሆን፣ የሥራ ሁኔታቸው ሲወሰን ወኪሎቻቸው በድርድር ወይም በሌላ ዘዴ እንዲሳተፉ ያበረታታል። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ረቂቁን ከሁሉም ሠራተኛ ቀድሞ ይየው። ከማኅበሩ ጋር መነጋገር ግን ከሠራተኛው ጋር መነጋገርን አይተካም። የማኅበር መሪ ስለ ደረጃና ጥቅማ ጥቅም ይከራከራል፤ የአቅራቢዎች ክፍያ ለምን ወር መጨረሻ ላይ እንደሚቆለል የሚያውቀው ግን ቼኩን የሚያዘጋጀው ሰው ነው።

ደረጃ 4፦ ሰዎቹ ምን እንደሚሆኑ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉ

የውይይት ሰነድ ስምንት አሥር ገጽ ይበቃዋል። የተለመደው ሰነድ በራእይ ይጀምርና በሠላሳኛው ገጽ ላይ «የሰው ኃይል ጉዳዮች በቀጣይ ይታያሉ» ብሎ ያልፋል። አንባቢው ግን ሰነዱን የሚገልጠው ያንን መስመር ፍለጋ ነው። ካላገኘው የቀረውን አያነብም፤ ቢያነብም በፍርሃት ዓይን ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ሥራ፣ ቀጥሎ ገንዘብ፣ መጨረሻ ላይ ራእይ፤ እሱም ካስፈለገ። በመጀመሪያው ገጽ እነዚህ ይመለሱ፦ አሁን በእነዚህ ሥራዎች ላይ ስንት ሰው አለ? ማዕከሉ ስንት ይፈልጋል ብላችሁ ትገምታላችሁ? ልዩነቱ በጡረታ፣ በዝውውር ወይስ በስንብት ይሸፈናል? ደመወዝና ደረጃ ይጠበቃል? ለስንት ጊዜ? የሥራ ቦታ ይቀየራል? መቀየር የማይችል ሰው ምን ይሆናል? ያላወቃችሁትን «ይህን አናውቅም፤ እስከዚህ ቀን እናሳውቃለን» በሉ። ቀኑም ይጻፍ።

የአጻጻፉን ልዩነት በአንድ ምሳሌ ላሳይ። አንድ ረቂቅ ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ከአደረጃጀት ለውጡ ጋር ተያይዞ የሰው ኃይል ምጣኔ ተገቢው ማስተካከያ የሚደረግበት ሲሆን የሠራተኛው መብት በተጠበቀ መልኩ ተግባራዊ ይሆናል።» ስናሻሽለው እንዲህ ሆነ፦ «በስድስቱ መሥሪያ ቤቶች 84 የደመወዝና የሰው ሀብት ሠራተኞች አሉ። ማዕከሉ ከ55 እስከ 60 ሰው ያስፈልገዋል። 11ዱ በሁለት ዓመት ውስጥ ጡረታ ይወጣሉ። ለቀሩት በሌላ መደብ ላይ ድልድል ይደረጋል፤ ከሥራ የሚሰናበት ሰው ይኖራል ወይ ለሚለው እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እንሰጣለን።» ኃላፊው ሁለተኛውን ሲያነብ «ይህ እኮ ሰውን ያስደነግጣል» አለ። ያስደነግጣል። የመጀመሪያው ግን ለሁለት ወር ሲያስደነግጥ ይከርማል፤ ምክንያቱም ቁጥር በሌለበት የኮሪደር ወሬ የራሱን ቁጥር ያወጣል፤ ያም ሁልጊዜ ከእውነተኛው ይበልጣል።

አማራጮቹንም አስገቡ። ምንም ሳይነኩ መተው፣ ሲስተሙን ብቻ አንድ አድርጎ ሰዎቹን ባሉበት መተው፣ ደመወዝን ብቻ ማዋሃድ። ለእያንዳንዱ ለምን እንዳልተመረጠ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ውህደቱ ባይሳካ ምን እንደሚደረግም ይጻፍ፤ ይህ ነገር ደርሷልና። የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት ወደ 400 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያወጣበትን የጋራ አገልግሎት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 እንዲዘጋ ወስኖ ሥራውን ወደየመሥሪያ ቤቶቹ መለሰ። ሥራ በደብዳቤ ይመለሳል፤ ሥራውን ያውቁ የነበሩት ሰዎች ግን በደብዳቤ አይመለሱም።

ደረጃ 5፦ ጊዜውን ከሥራው የቀን መቁጠሪያ ጋር አስማሙ

የበጀት ዓመት መዝጊያ፣ የንብረት ቆጠራና የኦዲት ሰሞን የድጋፍ ሠራተኛ ቀና ብሎ አያይም። ደመወዝ ከሚሠራበት ሳምንትም ራቁ። እኔ ከስድስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ የተካሄደ ውይይት ደህና ውጤት ሲያመጣ አላየሁም። የመጀመሪያው ሳምንት በድንጋጤ፣ ሁለተኛው በወሬ ያልቃል፤ ሐሳብ መምጣት የሚጀምረው ከሦስተኛው በኋላ ነው።

ዜናውን ማን ከማን ቀድሞ ይስማ የሚለውም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የቅርብ ኃላፊዎች ጠዋት፣ ሠራተኞቹ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ይስሙ። በመካከል ሳምንት ከገባ ኃላፊው ዋሽቶ ወይም አውርቶ ያሳልፈዋል። በወሊድ ፈቃድ፣ በሕመም ወይም በትምህርት ላይ ያሉትን በስልክ አግኙ፤ ከዚያም ሰነዱን ላኩላቸው። ከፈቃድ ስትመለስ መደቧ እንደታጠፈ ከጥበቃ ሠራተኛው የሰማች ሰው አውቃለሁ።

ደረጃ 6፦ ትልቁን አዳራሽ ለገለጻ፣ ትንሹን ክፍል ለውይይት

የዚህ ሥራ እምብርት እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልሂድ።

ትልቁ ስብሰባ አንድ ጊዜ ይደረግ። የበላይ ኃላፊው ራሱ ይምጣ፤ ከሃያ ደቂቃ በላይ አይናገር፤ በሦስቱ ዓምዶች ይጀምር። ጥያቄ ይቀበል፤ የማያውቀውን አላውቅም ይበል። ከዚህ መድረክ ከዚህ በላይ አትጠብቁ። ሁለት መቶ ሰው ባለበት የሚናገሩት ሁልጊዜ የሚናገሩት ናቸው።

እውነተኛው ሥራ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰው በሚይዙ ስብሰባዎች ውስጥ ነው። በመሥሪያ ቤት ሳይሆን በሥራ ዓይነት ሰብስቡ፤ የስድስቱ መሥሪያ ቤቶች የደመወዝ ሠራተኞች አብረው ይቀመጡ። አንዷ «እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚደረገው» ስትል ሌላው «እኛማ ያንን ከተውን ቆየን» ይላል። ያኔ እናንተ ዝም በሉ፤ ውህደቱ በዚያች ጠረጴዛ ላይ ተጀምሯል። አለቃና የበታች ሠራተኛ በአንድ ክፍል አይሁኑ። አወያዩ በድልድሉ ላይ ድምፅ የሌለው ሰው ይሁን። ቃለ ጉባኤ ስም አይያዝ፤ ተጽፎ ሲያልቅም ለተወያዮቹ ተመልሶ «ያላችሁት ይህ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። እኔ ያንን የመጀመሪያ ቃለ ጉባኤ አንድ ሰው እንኳ አስነብቤ ቢሆን ኖሮ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው አይተርፍም ነበር።

ጥያቄው ራሱ ብዙ ይወስናል። «ስለ ውህደቱ ምን ትላላችሁ?» ብላችሁ ስትጠይቁ የምታገኙት ድጋፍ ወይም ተቃውሞ ነው፤ ሁለቱም ማዕከሉን ለመንደፍ አይረዱም። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ ባለፈው ወር ከሲስተሙ ውጭ በእጅ የሠራችሁት ምንድን ነው? ስልክ ሳትደውሉ የማያልቅ ሥራ የቱ ነው? ለማን ትደውላላችሁ? ለሁለት ሳምንት ብትታመሙ በመጀመሪያ የሚበላሸው ምንድን ነው? ከእነዚህ ሥራዎች የትኛው ቢቀር ማንም አያስታውሰውም? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት፤ ብዙ ሳቅና ብዙ ቁጠባ ያለው እሷ ጋ ነው።

ከእነዚህ ስብሰባዎች በአንዱ አንዲት አንጋፋ የደመወዝ ሠራተኛ ነበረች። አማካሪዎቹ የደመወዝ አሠራርን በአሥራ አራት ሳጥኖች ሥለው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። አየችው፤ ምንም አላለችም። በሁለተኛው ስብሰባ፣ ከሲስተሙ ውጭ ምን እንደሚሠሩ ስንጠይቅ፣ ከቦርሳዋ ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ ሰማያዊ ደብተር አወጣች። በየገጹ የእጅ ጽሑፍ፦ ሁለት ሠራተኞች ሙሉ ስማቸው እስከ አያት አንድ ነው፣ የባንክ ሒሳባቸው እንዳይቀያየር። የእገሌ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚቆረጥ የልጅ ቀለብ በረጅም ፈቃድ ወር ስሌቱ ይለያል። የሌሊት ተረኞች ዝርዝር ሲመጣ ሁልጊዜ የመጨረሻው ሳምንት ይጎድለዋል፣ አስተባባሪው ጋ ይደወል። እንዲህ ያለ ከአርባ በላይ ማስታወሻ ነበር። ከአሥራ አራቱ ሳጥኖች በአንዱም ውስጥ የለም።

ደብተሩን ግን አልሰጠችንም። ዘግታ በእጇ ይዛ «ይህንን ከሰጠኋችሁ በኋላ እኔ ለምን አስፈልጋለሁ?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚያን ጊዜ የድልድሉ መስፈርት ገና አልወጣም ነበርና የምንላት ነገር አልነበረንም። ደረጃ 4 ላይ ሰዎቹ ምን እንደሚሆኑ በመጀመሪያው ገጽ ይጻፍ ያልኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። የሠራተኛው ዕውቀት የመደራደሪያ ሀብቱ ነው፤ ዕጣ ፈንታውን ሳትነግሩት ያንን ስጠኝ ማለት ቁልፉን ተቀብሎ በሩን እንደመዝጋት ይቆጠራል።

ለተቃዋሚም ቦታ ይኑራችሁ። «የሚያውቁት ሰይጣን ከማያውቁት መልአክ ይሻላል» ብሎ የሚመጣ አለ፤ በከፊል ልክ ነው። ተቃውሞውን ከሥራው ጋር አገናኙትና «የትኛው ሥራ ላይ ነው የምትፈራው?» በሉት። አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝር ይወጣል። አንዳንዴ ግን የሚወጣው ብሶት ብቻ ነው፤ እሱንም አድምጡና ጻፉ።

ስም የማይጠየቅበት የጽሑፍ መንገድም ክፈቱ። በወረቀት መጠይቅ ብቻ የተደረገን ግን ውይይት አልለውም።

ደረጃ 7፦ አገልግሎቱን የሚጠቀሙትንም ጠይቁ

የድጋፍ ሥራ ደንበኞች መምህሩ፣ ነርሷና መሐንዲሱ ናቸው። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 አዲስ የደመወዝ ሲስተም ሲጀምር ወደ 80,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሩት። በሺህ የሚቆጠሩት ደመወዛቸው ጎደለ፣ በዛ ወይም ጭራሽ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2013 አጣሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ መረመረው፤ አጠቃላይ ወጪው 1.2 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንደሚደርስም ተገመተ። ፈረቃ የሚያወጡ አስተባባሪዎችና ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎች በየአካባቢው የነበራቸው ቅርበት በአዲሱ አሠራር መላላቱ ችግሩን አባብሶታል። የሆስፒታል ፈረቃ በቀን ሦስት ጊዜ ይለዋወጣል፤ ይህን አስተካክሎ የሚያስገባ ሰው ከዋርድ ስልክ የሚነሣለት መሆን አለበት።

ተጠቃሚዎቹን በሁለት ጥያቄ ብቻ አግኟቸው፦ ችግር ሲገጥማችሁ አሁን ማን ጋ ትሄዳላችሁ? ያ ሰው በዚያ ወንበር ላይ ባይኖር ምን ታደርጋላችሁ? የሚጠሯቸውን ስሞች ቁጠሩ። ተደጋግሞ የሚጠራ ሰው በድልድሉ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ሰው ነው፤ መደቡ የቱንም ያህል ዝቅ ቢል።

ደረጃ 8፦ በጽሑፍ መልሱ

ውይይቱ በተዘጋ በአራት ሳምንት ውስጥ ሰነድ አውጡ። በግራ የተባለው፣ በቀኝ የተደረገው ወይም ያልተደረገበት ምክንያት። ስልሳ ሰው ያነሣውም አንድ ሰው ያነሣውም ይግባ፤ ሰማያዊው ደብተር የአንድ ሰው ነበር። «አስተያየታችሁን በግብዓትነት ወስደናል» የሚለውን ሐረግ ከቤታችሁ አባርሩት። «የመዝገብ ቤት ሥራ ባለበት ይቆይ የሚለውን ተቀብለናል፤ ምክንያቱም ፋይሎቹ በየቀኑ ለውሳኔ ይፈለጋሉ» ወይም «ማዕከሉ በሁለት ከተማ ይሁን የሚለውን አልተቀበልንም፤ የሲስተም መስመሩ ወጪ ከቁጠባው ይበልጣል» ብላችሁ ጻፉ። ከረቂቁ ምንም ካልተቀየረ ደግሞ ቆም በሉ፤ ወይ ጥያቄያችሁ ነበር ችግሩ ወይ ጆሯችሁ።

ደረጃ 9፦ ድልድሉን ከመጀመራችሁ በፊት መስፈርቱን አውጡ

መስፈርቱ ረቂቅ ሆኖ በውይይቱ ውስጥ ያልፋል፤ ጸድቆ ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሰው ስም የሚነሣው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መስፈርቱ ለሰው የተሰፋ ነው ይባላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። የትምህርት ዝግጅት፣ አገልግሎት፣ የሥራ አፈጻጸም ምን ያህል ነጥብ እንደሚይዙ ይገለጽ። እያንዳንዱን ሰው ከውሳኔው በፊት ለግማሽ ሰዓት ለብቻው አነጋግሩት፤ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ስለሚያስታምማቸው እናቱ በአዳራሽ አይናገርም። ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ደልዳዮቹ የሌሉበት ይሁን፤ የመልስ ቀንም ይቆረጥለት።

ቦታ መቀየርን ቀላል አታድርጉት። የካናዳ ፌደራል መንግሥት የደመወዝ ሥራውን በኒው ብራንስዊክ ክፍለ ግዛት ሚራሚሺ በምትባል ትንሽ ከተማ ሰበሰበ። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር እንደዘገበው በ46 መሥሪያ ቤቶች የነበሩ ወደ 1,200 የሚደርሱ የደመወዝ አማካሪ መደቦች ታጥፈው በማዕከሉ 550 በሚሆኑ ሰዎች ተተኩ፤ ከነባሮቹ ወደዚያ የተዛወሩት ጥቂት ነበሩ። ፊኒክስ የተባለው ሲስተም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ሲጀምር፣ የየመሥሪያ ቤቱን ልዩ ልዩ ስምምነትና አበል በቃል የሚያውቁት ሰዎች አብዛኞቹ ሄደዋል። በዓመት 70 ሚሊዮን ዶላር ያድናል የተባለው ዕቅድ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የፌደራል ሠራተኛ የደመወዝ ስህተት ውስጥ ከተተ። የሲስተሙ ጉድለት ብዙ ምክንያት ነበረው። ስህተቱን በእጅ ሊያርሙ የሚችሉት እጆች መበተናቸው ግን ማንም ሊያስተውለው የሚችል፣ ሲስተሙ ሥራ ከመጀመሩ ከአራት ዓመት በፊት የተጀመረ ነገር ነበር።

ደረጃ 10፦ ማዕከሉ ከተከፈተም በኋላ አትበተኑ

ቢያንስ ለሦስት የደመወዝ ወር አሮጌውንና አዲሱን አሠራር ጎን ለጎን አስኪዱና ልዩነቱን በሳንቲም አስተያዩ። ልዩነት በተገኘ ቁጥር ቀድሞ ሥራውን ለሠራው ሰው አሳዩት። ትናንሾቹ ስብሰባዎች በየወሩ ይቀጥሉ፤ በዚህ ጊዜ አዳዲሶቹም ይግቡበት። የማቆሚያ ሥልጣን ያለው ሰው በስም ይታወቅ፤ ልዩነቱ ስንት ሲደርስ ሥራው እንደሚቆም ከወዲሁ ተጽፎ ይያዝ፤ በዕለቱ ማንም ለማቆም አይደፍርምና።

የደብተሯ ባለቤት የድልድል ደብዳቤዋን የተቀበለችው ስብሰባው በተካሄደ በአራተኛው ወር ነው፤ በማዕከሉ የልዩ ክፍያዎች ቡድን መሪ ሆና። በማግስቱ ደብተሩን ይዛ መጣች። ፎቶ ኮፒ አደረግነውና ዋናውን መለስንላት፤ ገና ያልተጻፈባቸው ገጾች ነበሩት።